ሰርጌን ያስቆመው የባቡር ወረቀት

አርባ ምንጭ ውስጥ ባቡር የለም። ኖሮም አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ "ባቡርና አርባ ምንጭን ምን አገናኛቸው?" እያላችሁ እንዳትደክሙ ነው። እኔ በዚህ ጥያቄ ለሁላችንም የሚበቃ ድካም ደክሜያለሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከከተማችን ሰፈሮች በሲቀላ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ የወሳኝ ኩነት መዝጋቢ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት እመዘግባለሁ። ጠዋት መስኮቴን ከፍቼ ስም እጠራለሁ፣ የተጠራው "አቤት" ብሎ ይቀርባል፣ ወረቀቱን እቀበለዋለሁ። መታወቂያው ላይ ያለው ስምና ማመልከቻው ላይ ያለው ስም ካልገጠሙ "ፍርድ ቤት ሄደህ አስተካክል" ብዬ እመልሰዋለሁ። ሰው ሲለምነኝም ቀና ብዬ አላይም ነበር፤ ፊት ካየሁ ልቤ ይራራል፣ ሥራዬም ይበላሻል። ወረቀት እንጂ ፊት አይመዘገብም እል ነበር።

አባቴ መምህር ተፈራ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከእናቴና ከእሱ የሰርግ ፎቶ በላይ፣ በፍሬም የተሰቀለ አንድ ወረቀት ነበረው። ላይኛው ክፍል በፈረንሳይኛ የታተመ ነው፤ መሐሉ ላይ የደበዘዘ ማኅተም አለ፤ ከታች በወፍራም የአማርኛ እጅ ጽሕፈት "ኦይቻ ሻንካ፣ አገሩ ገረሴ" ይላል። ከጅቡቲ የተነሣው የመጀመሪያው ሐዲድ ሲዘረጋ ድንጋይ የፈለጡ ሰዎች የሚይዙት የሥራ ወረቀት ነው። የአባቴ አያት ናቸው ከዚያ በረሃ ይዘውት የመጡት። እኛ ቤት የእሳቸው ስም ዋዳ ነው። ወረቀቱ ላይ ለምን ኦይቻ እንደሆነ የጠየቀ ሰው ካለ አባቴ "የባቡር ስማቸው ነው" ይላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

እናቴ "እኛ ቤት ለእንግዳ ውኃ ሳይቀርብ ባቡር ይቀርባል" ትላለች። እውነቷን ነው። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው እንኳን ስለዚያ ሐዲድ ሳይሰማ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። የሚገርመው ግን አባቴ በሕይወቱ ባቡር ተሳፍሮ አያውቅም። አንዴ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ ወንድሜ የከተማውን ባቡር ላሳፍርህ ቢለው "ይሄ ሐዲድ ላይ የወጣ አውቶቡስ ነው" ብሎ በታክሲ ሄደ።

እንግዲህ ሰርጌ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ወደነበረው ሐሙስ ልውሰዳችሁ። እጮኛዬ ብሩክ የመስኖ መሐንዲስ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከደጋው፣ ከገረሴ የወረዱ ናቸው። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ካርድ ታትሞ ተበትኗል። ድንኳን ተከራይተናል። የዚያን ቀን የብሩክ አጎት ጋሽ ዘለቀ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር የመጡት የአጀቡን ብዛት ለመነጋገር ብቻ ነበር። መጀመሪያ ለሽምግልና የመጡ ጊዜ የአባቴ ፍሬም ግድግዳው ላይ አልነበረም፤ መስታወቱ ተሰንጥቆ መስታወት ቆራጭ ጋ ነበር። ሰውየው "ነገ፣ ነገ" እያለ ወር ሙሉ አመላለሰንና ልክ በዚያ ሳምንት አደረሰልን። በሕይወቴ አንድ ባለሙያ በቀጠሮው ባይደርስ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጋሽ ዘለቀ ገና ሳይቀመጡ ዐይናቸው ግድግዳው ላይ ቀረ። መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉ።

"መምህር፣ ይሄ ወረቀት ከየት መጣ?"

አባቴ ፊቱ በራ። "የአያቴ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ..."

"የእኛም ቤት አለ!" አሉ ጋሽ ዘለቀ። "ቁርጥ ይሄው ወረቀት! ጨማ ሻንካ፣ አገሩ ገረሴ ይላል። አያቴ ጨማ ከታናሽ ወንድማቸው ከኦይቻ ጋር ነበር ወደ ባቡሩ ሥራ የወረዱት። እሳቸው ታመው ቀድመው ተመለሱ፤ ኦይቻ ቀረ። እስኪሞቱ ድረስ ሲጠብቁት ኖሩ።" ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አባቴን አንገቱን አቀፉት። "የጠፋው ወንድም ተገኘ! መምህር፣ አንተ እኮ የእኛ ሥጋ ነህ!"

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ተሳሳሙ። አንዱ እንባውን ጠረገ። እናቴ እልል አለች። እኔም የለስላሳ ትሪ እንደያዝኩ ቆሜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ብቻ ነው እንደ ግንድ ደርቆ የቀረው። ደስታው ያደነዘዘው መሰለኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እስካሁን ብዙ ያልተናገሩት፣ ቀስ ብለው ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። "ሻንካ አንድ። ኦይቻና ጨማ ሁለት። ልጆቻቸው ሦስት። የልጅ ልጆቻቸው አራት።" አምስተኛውን ጣት ሲያጥፉ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ዘመድ ከዘመድ ለመጋባት ሰባት ቤት ማለፍ እንዳለበት እዚያ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። እኔና ብሩክ አምስተኛው ላይ ተገናኘን።

"ግን ጎሳችሁ ሌላ ነው ብላችሁን ነበርኮ" አሉ እኚሁ ሽማግሌ።

"አያቴ ካምባ አገር ሚስት አግብተው እዚያው ስለቀሩ በሚስታቸው ጎሳ ተጠርተው ነው" አለ አባቴ መሬት መሬት እያየ። ይህንን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ።

ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። "እንግዲህ እግዜር ዘመድ ሊያገናኘን ፈልጎ ነው ልጆቹን ያገናኛቸው። ሰርጉ ቀርቷል። ዘመድነቱ ግን ይበቃናል።"

ለማን ነው የሚበቃው? እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዓርብ ዕለት ያበደ ሰው ብትፈልጉ እኔ ነበርኩ። ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል፤ የሚደውለው ሁሉ "እንኳን ደስ አላችሁ፣ ዘመድ ተገኘ አሉ!" ይለኛል። ሰርጌ ፈርሶ እንኳን ደስ ያለሽ የተባልኩ የመጀመሪያዋ ሴት ሳልሆን አልቀርም። የንስሐ አባታችን ጋ ሄድኩ። ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩና "ልጄ፣ አምስት ነው" አሉኝ፤ መቁጠር ያቃተኝ ይመስል። ብሩክ ጋ ስደውል "ተረጋጊ ሰኒ፣ መፍትሔ አይጠፋም" አለኝ። ብሩክን የወደድኩት በእርጋታው ነው፤ ያን ቀን ግን በዚያው እርጋታው የተነሣ ልፈጀው ደርሼ ነበር። ድንኳን አከራዩም ደወለ፤ መጋረጃው ሮዝ ይሁን ወይስ ነጭ ሊለኝ።

ቤት ስገባ አባቴ ፍሬሙ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ምሳ አልበላም።

"አባዬ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የአያትህ አይደለም። ዋዳ አይልም። አንድ የማላውቀው ነገር አለ?"

"ባቡር ላይ ስም ይቀየራል።"

"ለምን ይቀየራል? ማን ቀየረው?"

"ሰናይት፣ ተይኝ።"

"ስምና ወረቀት አልገጠመም ብዬ ስንት ባለጉዳይ እመልሳለሁ መሰለህ? እዚህ ቤት ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ዐይኔ ሥር ተሰቅሎ..." የተናደድኩት በእሱ ብቻ አልነበረም። የሰው ስም አንድ ፊደል ሲሳሳት ከሩቅ የማየው ሰው እኔ ነኝ፤ የገዛ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሁለት የማይገጣጠሙ ስሞች ተሰቅለው ግን አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅኩም። አባቴ ተነሥቶ መስታወቱን በእጅጌው ጠረገና ወደ ጓዳ ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ዘለቀ መኪና ይዘው መጡ። ኋላ ላይ በግ ታስሮ ይጮኻል። ገረሴ ላይ እማማ ባሎቴ የሚባሉ አክስታቸው አሉ፤ የጨማ ሻንካ ልጅ፣ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው፣ በሕይወት የቀሩ ብቸኛ ልጃቸው። የአጎታቸውን ዘር ሳያዩ እንዳይሞቱ ተብሎ አባቴ እንዲሄድ ተወሰነ። አባቴ "አሞኛል" አለ። "ደስታ ነው የሚያምህ" ብለው ፍሬሙን ከግድግዳ አውርደው ከነፍሬሙ ጫኑት። እኔም ገባሁ። ብሩክ ከጎኔ ተቀመጠ፤ አጎቱ ዞር ብለው "እንደ ወንድምና እህት ተቀመጡ እንግዲህ" አሉን። ዳገቱን እስክንጨርስ ከመኪናው ዘልዬ አለመውረዴ ለእኔም ይገርመኛል።

እማማ ባሎቴ ደጃቸው ላይ፣ የአባታቸውን ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቁን ነበር። ከኋላቸው ከሌላው ተለይቶ በሳር የታጠረ ጥቂት እንሰት አለ። ንግግሩ በጋሞኛ ነበር፤ እኔ መስማት እሰማለሁ፣ ስናገር ነው ሰው የሚስቅብኝ።

"ና ጠጋ በል፣ ፊትህን ልየው" አሉት አባቴን። ተንበረከከላቸው። አገጩን በእጃቸው ዳሰሱት። "አባቴ 'የኦይቻ አገጭ እንደ እኔው የተሰነጠቀ ነው' ይል ነበር።" የአባቴ አገጭ አልተሰነጠቀም። ዳሰሱት፣ ዳሰሱትና እጃቸውን መለሱ።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ልጄ። የት ተቀበረ?"

"ካምባ ነዋ እማማ!" አሉ ጋሽ ዘለቀ።

"አያቴ የተቀበሩት ካምባ ነው" አለ አባቴ።

"አያትህን አይደለም። አጎቴን ነው የጠየቅኩህ።"

እማማ ባሎቴ ወደ ታጠረው እንሰት አመለከቱ። "አባቴ ታሞ ሲመለስ ኦይቻ ጤነኛ ነበር። በኋላ ከባቡሩ ሥራ የሚመለስ ሰው በገበያ ባለፈ ቁጥር አባቴ ይጠይቃል። 'የሥራ አለቃው፣ ካቦው፣ ኦይቻ ሻንካ ብሎ ሲጠራ፣ አቤት ሲል ሰምተናል' ይሉታል። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ከዚያም በላይ። 'አቤት ካለ አለ' አለ አባቴ፤ ሲመጣ የሚበላውን ይህን እንሰት ተከለለት። ሲያረጅ ችግኙን እየተከልን እዚህ አድርሰነዋል። ማንም ቆርጦ አልበላውም። ለቅሶም አልተቀመጥንለትም፤ አቤት ላለ ሰው እንዴት ይለቀሳል?"

አባቴ ከተንበረከከበት አልተነሣም። "አቤት ያሉት አያቴ ናቸው" አለ።

ከዚያ በኋላ የተናገረውን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። አያቱ ዋዳ ከካምባ ወርደው እዚያ በረሃ ሲደርሱ ቅጥር አልቆ ወረቀት አላገኙም። ኦይቻ ያገሬ ሰው ነህ ብሎ ቀለቡን እያካፈለ አቆያቸው። አንድ ቀን ኦይቻ በንዳድ ሞተ። ዋዳ በማግስቱ ከጠዋት እስከ ማታ ያንን ድንጋይ ፈልጠው ከሐዲዱ አጠገብ ብቻቸውን ቀበሩት። በሦስተኛው ቀን ካቦው እንደ ልማዱ ስም ይጠራል። ኦይቻ ሻንካ ሲል ሁሉም ዝም አለ። ካቦው ስም እንጂ ፊት አያውቅም ነበር። ርቧቸዋል፣ ወረቀቱ ኪሳቸው ነው፣ "አቤት" አሉ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በየጠዋቱ አቤት ሲሉ ኖሩ።

"አገር ከገቡ በኋላ ሁለት ጊዜ ገረሴ ገበያ ድረስ መጥተው ተመልሰዋል" አለ አባቴ። "'ስሙን ለብሼ መጥቼ ሞቱን እንዴት እናገራለሁ' ይሉ ነበር። ሊሞቱ ሲሉ አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ፤ ልጅ ነኝ። ዋዳ ብለን ስንጠራቸው አይመልሱም። በተኙበት ግን ማንም ሳይጠራቸው አቤት፣ አቤት ይላሉ። ለአባቴ ነግረውታል፣ አባቴ ለእኔ ነገረኝ። እኔ ግን በፍሬም አድርጌ ሰቀልኩት።"

ጋሽ ዘለቀ ብድግ አሉ። "የሞተ ሰው ወረቀት! አያቴ ዕድሜ ልካቸውን በር በር ሲያዩ፣ እናንተ ስሙን ሰቅላችሁ እንግዳ ታስተናግዱበታላችሁ?"

እኔ ብሩክን አየሁት። እርጋታው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቱ ጠፍቷል። ሐሙስ ዕለት ለመጋባት ከመጠን በላይ ዘመድ ነበርን፤ ቅዳሜ ደግሞ ከመጠን በላይ ባላንጣ ሆንን። በመካከሉ ያለውን ተራ ባዳነት፣ ሰው የሚጋባበትን፣ ዘልለነው አለፍን። አባቴን ማቀፍና መጮህ እኩል አማረኝ። ሐሙስ ዕለት በአንዲት ዐረፍተ ነገር ሊያድነኝ ይችል ነበር! ለዚያ ፍሬም ሲል ሁለት ቀን ሙሉ ሰርጌ ሲፈርስ ቁጭ ብሎ አየ።

"ዘለቀ፣ ተቀመጥ" አሉ እማማ ባሎቴ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። "መቃብሩን ማን ቆፈረው አልክ?"

"አያቴ።"

"ማን አገዛቸው?"

"ማንም። የዚያን ዕለት ቀለብም አልቀመሱ።"

አሮጊቷ ወደ ታጠረው እንሰት አዩ። "እንግዲያው ቀባሪው ከእናንተ ነው፣ አልቃሹ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። ሞትን ደብቆ መኖር ጎሜ ነው፣ እርግማን የሚያመጣ ነውር፤ በሁላችንም ላይ ይዞራል፣ እነዚህ ልጆች ላይም። መጀመሪያ ይለቀስለት። ከዚያ ይጋቡ። እኔ ሁለቱንም ቀን መጠበቅ እችላለሁ፣ ብዙ ግን አታቆዩኝ።"

ስለዚህ ሰርጌ አራት ቀን ሲቀረው የሰርጌ ድንኳን ለለቅሶ ገረሴ ወጣ። ድንኳን አከራዩ "እህቴ፣ ለሰርግ ነው ለለቅሶ?" ሲለኝ "ለሁለቱም" አልኩት። መጋረጃውን ሮዝ አድርጎ ልኮልን ኖሮ፣ ማክሰኞ ዕለት ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ለሆነው ሰው ሮዝ መጋረጃ ሥር ተቀመጥን። ከመሥሪያ ቤቴ ፈቃድ ስጠይቅ "ማን ሞቶብሽ ነው?" ሲሉኝ "የባቡር ሰው" አልኳቸው። ጋሽ ዘለቀ በማዶ በኩል ተቀምጠው አባቴን አያዩትም። የታጠረው እንሰት በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆርጦ ለለቅሶተኛው ቀረበ።

እኩለ ቀን ላይ እማማ ባሎቴ ሁለት ሰው ደግፎ አቆማቸው። ጠብቀው ያኖሩትን የአባታቸውን ወረቀትና አባቴ ከፍሬሙ ያወጣውን ወረቀት አንድ ላይ ያዙ።

"ኦይቻ ሻንካ!" ብለው ጠሩ።

ማንም አልመለሰም።

"ኦይቻ ሻንካ!"

አባቴን አየሁት። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ጋቢውን በሁለት እጁ አፉ ላይ ጭኗል። አያቱ በአልጋቸው ላይ ሲሉት የሰማው ቃል ጉሮሮው ውስጥ እንዳለ ያስታውቃል።

ሦስተኛ ጊዜ ጠሩ። ከገደሉ ማዶ ድምፃቸው ተመለሰ እንጂ አቤት ያለ አልነበረም። እማማ ባሎቴ "ሞቷል" አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ጋሽ ዘለቀ ተነሥተው ድንኳኑን አቋርጠው መጡና አባቴ አጠገብ ተቀመጡ። አንዱ ጋቢ ለሁለቱ ሆነ።

ሰርጉ በካርዱ ቀን ዋለ። መጋረጃው ላይ የገረሴ ጭቃ ነበረበት፤ ቪዲዮው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት አባቴን ይቅር ስላልኩት ነው ብላችሁ አታስቡ። ግማሹን ብያለሁ። ሁለት ቀን ዝም ማለቱ አሁንም ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል። ግን ሰው ዕድሜውን ሙሉ የኮራበትን ነገር በባላንጣ ፊት ተንበርክኮ በገዛ አፉ ሲያፈርስም አይቻለሁ፤ ያንን ለእኔ ነው ያደረገው። ሁለቱ ወረቀቶች አሁን ገረሴ አብረው ተቀምጠዋል። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ፍሬሙ የነበረበት ቦታ ከሌላው ይልቅ ነጣ ብሎ ቀርቷል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ውኃ ይቀርባል፣ ከዚያ አባቴ ያንን ባዶ ቦታ እያሳየ የዋዳን ታሪክ ይናገራል፤ በእውነተኛ ስማቸው። እናንተም ግድግዳችሁ ላይ የተሰቀለ አሮጌ ወረቀት ካለ፣ ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት አውርዳችሁ አንብቡት፤ እኔ ላይ የደረሰው አይድረስባችሁ።

በእኔ በኩል የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። አሁንም በየጠዋቱ መስኮቴን ከፍቼ ስም እጠራለሁ። ስምና ወረቀት ካልገጠሙም እመልሳለሁ፤ ደንቡ ደንብ ነው። ግን "አቤት" የሚል ድምፅ ስሰማ አስቀድሜ ወረቀቱን አልቀበልም። ቀና ብዬ ፊቱን አየዋለሁ።